ድብልቅ እና ውህድ

አባቴ ደሴ ላይ 31 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሯል። ፌኖልፍታሊን የሚባለው ጠቋሚ ከቤዝ ጋር ሲገናኝ ወደ ሮዝ ቀለም እንደሚለወጥ ለስንት ሺህ ልጆች እንደነገረ እሱም አይቆጥረውም። በጠመኔ ጽፎታል፣ ፈተና አውጥቶበታል፣ ያልመለሱትን ጥሎበታል። ቀለሙን በዓይኑ ያየው ግን ተማሪ ሳለ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የተመደበበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ነበረው፤ ቤተ ሙከራው በር ነበረው፤ በሩ ቁልፍ ነበረው፤ ውስጡ ግን ከአቧራና ከተሰነጠቀ ቢከር በቀር የሚቆለፍበት ነገር አልነበረም። "እኔ የጠመኔ ኬሚስት ነኝ" ይላል እየሳቀ። ሳቁን ለሚያውቅ ሰው ግን ቀልድ አይደለም።

ለሦስተኛ ጊዜ ያየው በ68 ዓመቱ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሳምቡሳ የተጠበሰበትን ዘይት አሲድነት ሲለካ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዘይት ነው፤ በስንት ዲግሪ ሙቀትና በምን ዓይነት ማማሰል ናፍጣ እንደሆነ። መሀል ላይ ስለ አባቴ ካወራሁ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ሁለቱን ለያይቼ መናገር አልችልበትም።

እናቴ ካረፈች በኋላ ነው ወደ እኛ ያመጣሁት። የሞቀ ቤት፣ የራሱ ክፍል፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የሚያስገባ ሳህን፣ ሁሉም ተዘጋጅቶለት ነበር። እሱም አመስግኖ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ ስል በእውነት ተቀመጠ። ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ የተውነው ቦታ ላይ ማታ እናገኘዋለን። "ደህና ዋልክ አባዬ?" ስለው "ምን እሆናለሁ፣ ቤቱ ይሞቃል" ይለኛል። ለስድስት ወር ያህል መልሱ ይኸው ነበር።

ከዚያ 2008 (እ.ኤ.አ.) መጣ። የሐምሌ አጋማሽ ላይ የናፍጣ ዋጋ በአሜሪካ በአማካይ በጋሎን 4 ዶላር ከ76 ሳንቲም ገባ። እኔ ደግሞ የ1983 ሞዴል መርሴዲስ 300ዲ ነበረችኝ፤ ናፍጣ የምትጠጣ፣ ቀለሟ የሻገተ፣ ሞተሯ ግን እንደ ወሎ በቅሎ የማይደክም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላት አንዲት ወዳጃችን ቤት ቁጭ ብለን ዋጋውን ስንረግም፣ ሴትየዋ ከጓዳ ወጣችና በጀሪካን የተሞላ ጥቁር ዘይት እያሳየች "እኔ ደግሞ ይኼን የት ልድፋው?" አለች።

አባቴ ቡናውን አስቀመጠ። "አትድፊው" አለ። "ናፍጣ ነው።"

* * *

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1900 ፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ኋላ እንደተናገረው ሐሳቡ የመጣው ከፈረንሳይ መንግሥት ነው፤ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ኦቾሎኒ ሞልቷልና። ዘይቱ እንዳለ ግን ለሞተር ወፍራም ነው። ይቋጠራል፣ ጥላሸት ይሠራል፣ የናፍጣ መርጫውን ይደፍናል። በ1937 የብራስልሱ ሰው ቻቫን የፓልም ዘይትን ከአልኮል ጋር አዋህዶ የማቅጠኛ መንገድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በበነጋው ዓመት አንድ አውቶቡስ በዚያ ነዳጅ ከብራስልስ ሉቨን ተመላለሰ። የዚያ ዘይት ዛፍ የበቀለው ኮንጎ ነው። አባቴ ይህን ሲነግረን "እንግዲህ ሁለቱም ጊዜ ዘይቱ የእኛ፣ መኪናው የእነሱ" ብሎ አለፈው።

ለልጄ ያስረዳበት መንገድ ደግሞ ይኸውላችሁ። አንዲት የዘይት ሞለኪውል ማለት ሦስት ልጆች ቀሚሷን የያዟት እናት ናት። እናትየዋ ግሊሰሪን ናት፤ ልጆቹ ረጃጅሞቹ ፋቲ አሲዶች ናቸው። ሜታኖል ይመጣና የእያንዳንዱን ልጅ እጅ ይዞ ይወስዳል። ልጅ ከሜታኖል ጋር ሲጣመር ቀጭን፣ ቀላል፣ የሚነድ ነገር ይሆናል፤ ያ ባዮዲዝል ነው። ኮስቲክ ሶዳው ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ ያጋባል እንጂ አይጋባም። "እናትየዋስ?" አለ ልጄ። "እሷማ ልጆቿ ሲሄዱ ከብዳ ወደ ታች ትወርዳለች" አለ አባቴ፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። የአባቴ ሦስት ልጆች የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ስቶክሆልምና ዱባይ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ውሃን ማስወጣት ነው። የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ከድንቹም ከሥጋውም የወጣ ውሃ አለ። ውሃ ካለ ሽማግሌው ማጋባቱን ትቶ ሳሙና መሥራት ይጀምራል። እዚህ ላይ አባቴ የተጠቀመው የኮሌጅ ትምህርቱን ሳይሆን የእናቱን ጓዳ ነው። ቅቤ ሲነጠር መጀመሪያ ይንጣጣል፤ ድምፁ ጸጥ ሲል ውሃው አልቋል ማለት ነው። ዘይቱን 60 ዲግሪ አድርሶ ሌሊቱን ያሳድረዋል፣ ጠዋት ከሥር የተጠራቀመውን ይቀዳል፣ ከዚያ ከላዩ በማንኪያ ወስዶ የጋለ መጥበሻ ላይ ጠብ ያደርግና ጆሮውን ያቀርባል። ከተንጣጣ ገና ነው። ዝም ካለ ደርሷል።

ሁለተኛው መለካት ነው። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ይበጠበጣል፤ ፌኖልፍታሊን ጠብ ይደረግበታል፤ ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት ፈሳሽ በመርፌ ሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ ይጨመራል። ሮዝ ሆኖ ሲቆይ የገባው ይነበባል። የወዳጃችን ዘይት 3 ሚሊ ሊትር ጠጣ። ላልተጠበሰበት ዘይት የምንይዘው መነሻ በሊትር 5 ግራም ነበር፤ 3 ሲደመርበት 8 ግራም። ለ10 ሊትር ዘይት 80 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ 2 ሊትር ሜታኖል። ሂሳቡ የአምስተኛ ክፍል ነው።

ሮዙ ቀለም ሲመጣ አባቴ ምንም አላለም። ቢከሩን ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ ያዘው። እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ "ድገመው" አለ ልጄን፤ "አንዴ የታየ ነገር ማስረጃ አይሆንም።" አምስት ጊዜ ደጋገሙት። አራተኛውና አምስተኛው ለማስረጃ እንዳልነበረ ሁላችንም አውቀናል።

* * *

አሁን ወደ ማማሰሉ ልምጣ። ዘይትና ሜታኖል እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጡ አይገባም። ጋብቻው የሚፈጸመው ሁለቱ በሚነካኩበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የማማሰል ሥራ ያንን ገጽ ማብዛት ነው፤ ሜታኖሉን ዓይን የማያየው ጠብታ አድርጎ በዘይቱ ውስጥ መበተን።

ልጄ (ያኔ 12 ዓመቱ ነው) "ታዲያ ለምን እናሞቀዋለን? ዝም ብለን አንመታውም?" አለ። አባቴ ጥያቄ ሲጠየቅ ዓይኑ ይበራል። መልሱን አልነገረውም። ሦስት ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስመጣ። በሦስቱም እኩል ዘይት፣ እኩል ሜታኖል፣ እኩል ሶዳ። የመጀመሪያው 55 ዲግሪ ሞቆ በደንብ የተናጠ። ሁለተኛው ሳይሞቅ እኩል የተናጠ። ሦስተኛው የሞቀ፣ ያልተነካ።

"አባባ፣ ይኼ 130 ይላል!" ልጄ ቴርሞሜትሩን እያየ።

"መቶ ሠላሳ?! ልታፈነዳን ነው እንዴ? በሰልሺየስ ንገረኝ እንጂ!"

"በሰልሺየስ... 54 ምናምን።"

"ምናምን የሚባል ዲግሪ የለም።"

ልጁ ጠርሙሱን እንደ ቅል ናጠው፤ አያቱ በሰዓት ይቆጥራል። የመጀመሪያው ጠርሙስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ከሥሩ ቡናማ ደለል ጣለ፤ ግሊሰሪን ነው። አባቴ "አተላው" ነበር የሚለው። ሁለተኛው፣ ሳይሞቅ የተናጠው፣ ዘገየ። ጠዋት ስናየው ግን እሱም ለይቷል፤ አተላው ብቻ ቀዝቅዞ ረግቷል። ሦስተኛው፣ ሞቆ ያልተናጠው፣ ማታ እንደተውነው ነበር። ከላይ ሜታኖል፣ ከሥር ዘይት፣ መሀላቸው ላይ ቀጭን ደመና።

አባቴ ሦስተኛውን ጠርሙስ አንስቶ ብዙ ቆየ። "ይኼ እኔን ነው የሚመስለው" አለ። "ሙቀት አልጎደለውም።"

ምን እንደሚባል አላውቅም ነበርና ምንም አላልኩም።

ኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነገር የእሱን ጠርሙሶች በቁጥር የሚያስረዳ ሆነ። በ1984 ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት የተጣራ የአኩሪ አተር ዘይትን በሦስት የተለያዩ ሙቀቶች ከሜታኖል ጋር አዋህዷል። በስድስተኛው ደቂቃ በ60 ዲግሪ የነበረው 94 ከመቶ፣ በ45 ዲግሪ የነበረው 87 ከመቶ፣ በ32 ዲግሪ የነበረው ደግሞ 64 ከመቶ ተለውጦ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን የ60ውና የ45ቱ አንድ ሆኑ፤ የ32ቱም ለጥቂት ብቻ ነው የቀረው። ሙቀት ያፋጥናል፤ ጊዜ ደግሞ የሙቀትን ጉድለት ይክሳል። ሁሉም ግን ሲማሰሉ ነበር። የማማሰልን ጉድለት የሚክስ ነገር ጥናቱ ውስጥም፣ የእኛ ጓሮ ውስጥም አላየሁም።

ያም ሆኖ ሙቀት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ማማሰያውን ራሱን ያደክማል። ከ65 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ሜታኖሉ ፈልቶ ይተናል (መፍያው 64.7 ነው)፤ ያኔ ሙሽራው ሸሸ ማለት ነው፤ ትነቱም እሳት ይጠራል። ስለዚህ 55 ዲግሪ መሀል መንገድ ነው፤ ለማማሰል የሚቀጥን፣ ለማፍላት የማይደርስ። ማማሰሉም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ትንሽ ባዮዲዝል ከተሠራ በኋላ እሱ ራሱ ሁለቱን የሚያግባባ ይሆናል፤ የዳሩት ልጅ ሁለት ቤተሰብ እንደሚያስታርቀው።

አባቴ ለተማሪዎቹ ያስተምር የነበረውን ልዩነት እዚህ ላይ ነው በደንብ የገባኝ። ድብልቅ ማለት ጎን ለጎን መሆን ነው፤ ሽሮና በርበሬ፣ ጤፍና አሸዋ፤ ብታጠልለው ወይ ብታበጥረው ይለያያል። ውህድ ማለት ግን ሁለቱም ቀድሞ የነበሩትን መሆናቸውን ሲተዉ ነው። ወደ ኋላ በወንፊት አይመለስም።

* * *

10 ሊትሩን በጠርሙስ መናጥ አይቻልም። አንድ ጎረቤታችን የቀለም መበጥበጫ የተገጠመለት የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሊያውሰን ፈለገ። አባቴ መሰርሰሪያውን አስነስቶ በአየር መውጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየ፤ ሞተሩ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። "ይኼማ ክብሪት ነው" ብሎ መለሰለት። የሜታኖል እሳት ቀን ላይ አይታይም፤ ነበልባሉ ቀለም የለውም። ስለዚህ የመጣው ፓምፕ ነው፤ ክዳኑ ከተገጠመ ብረት በርሜል ሥር ሳብ እያደረገ ከላይ መልሶ የሚጨምር፣ ሞተሩ ከትነቱ የራቀ። አንድ ሰዓት ያዞረዋል። የሚፈናጠቅ የለም፤ አየር አይገባም።

ባለቤቴ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ነበር። ነርስ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ የሜታኖሉን ጀሪካን ማስጠንቀቂያ ቆማ አነበበችና ወደ ጓሮ ወጣች።

"አባባ፣ ይኼ ሰው ያሳውራል። ጥቂት ጉንጭ ትበቃለች። ልጅ አለን።"

"አውቃለሁ ልጄ። 31 ዓመት አስተምሬዋለሁ።"

"በጠመኔ ነው ያስተማሩት።"

እንዲህ ተናግራው አታውቅም፤ ተናግሮትም ለሚያውቅ ሰው ከባድ ቃል ነበር። አባቴ ጓንቱን አወለቀ። ማታ እራት ላይ አልበላም። እኔ በሁለቱ መሀል ተቀምጬ ሥራው ይቁም ብል አባቴን መልሼ ሶፋው ላይ እንደማስቀምጠው፣ ይቀጥል ብል ደግሞ ልጄን ከመርዝ ጋር እንደማሳድር እያሰብኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። በማግስቱ ጠዋት አባቴ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ፤ በዚያ ውብ የመምህር እጅ ጽሕፈት፣ ቁጥር ተራ የተሰጠው።

1. ሜታኖል ከቤት ውስጥ አይገባም። 2. በአንድ ጊዜ ከ20 ሊትር በላይ አይኖርም። 3. የጓሮው ቤት ቁልፍ ከምራቴ ዘንድ ይሆናል። 4. ልጁ ዘይት ይለካል፣ ሜታኖልና ሶዳ ግን አይነካም። 5. መነጽር፣ ጓንት፣ የሚፈስ ውሃ ያለበት ጎማ፣ የተከፈተ በር። 6. ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራ የለም።

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ቁልፉን ያምጡ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት አማት ምራቱን "ቤተ ሙከራውን ክፈቺልኝ" ብሎ ይለምናል፤ እሷም ስድስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ትጠይቀዋለች፤ እሱም እንደ ተማሪ ቆሞ ይመልሳል። ቁልፍ ያለው፣ ውስጡም ባዶ ያልሆነ ቤተ ሙከራ።

አተላው ከተቀዳ በኋላ ባዮዲዝሉ በውሃ ይታጠባል፤ መጀመሪያ በስሱ፣ እንደ ካፊያ፣ ምክንያቱም ገና ሳሙና ስላለበት ብትመታው እንደ አጃ ሾርባ ይሆናል። ማጠቢያው ውሃ እስኪጠራ ይደጋገማል፤ ከዚያ ይደርቃል። መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። 3 ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ይጨመራል። ሙሉ በሙሉ ከሟሟ አልፏል፤ ከሥሩ ጠብታ ካስቀመጠ ያልተለወጠ ዘይት አለበት፣ ይደግማል። አባቴ በዚህ ፈተና ለማንም ነጥብ አይጨምርም።

መርሴዲሷ ወደደችው። የድሮ የጎማ ቱቦዎቿን አስቀድመን ቀይረናል፤ ባዮዲዝል ጎማ ይበላልና። የናፍጣ ማጣሪያዋንም በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ለወጥን፤ ለ25 ዓመት የተጠራቀመውን የታንከር እድፍ አጥቦ ስላወጣው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንገባ ከኋላችን የሚቀረው ሽታ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይላል፤ በጾም ቀን እንኳ። ሰው ይስቃል፣ አባቴን ይከባል፣ ይጠይቃል። እሱም ያስረዳል። ሶፋው ላይ ሰው ያጣንበት ዘመን ያ ነው።

ታኅሣሥ ሲመጣ ነገሩ ቆመ። የባዮዲዝል ቅዝቃዜ መቋቋም የሚወሰነው በተሠራበት ዘይት ነው፤ ፓልም ያለበት ከሆነ ገና ውርጩ ሳይጠና ይደፈርስና ይረጋል። በርሜሉ ታጥቦ ተዘጋ። በሁለተኛው ዓመት አባቴ "አገሬ ልግባ" አለ። አልተከራከርኩትም። ሲመጣ የነበረው ሰው ቢሆን ኖሮ እከራከረው ነበር፤ የሚሄደው ግን የሚሄድበትን የሚያውቅ ሰው ነበር።

* * *

ደሴ ሲደርስ መጀመሪያ የጠየቀው ስለተጣለ ዘይት ነው። የለም። ድንች ጥብስ የምትሸጠዋ ልጅ ዘይቷን እስኪያልቅ ትጠብስበታለች፤ የተረፈውን ጠብታ ለነገ ታስቀምጣለች። የምግብ ዘይት ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛው ፓልም ነው፤ በደሴ ጠዋት ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ የሚያድር። "ለካ የእኛ ጓሮ ናፍጣ የተሠራው ከዘይት አልነበረም" አለኝ በስልክ፤ "ከጥጋብ ነው።" ስለዚህ ነገር ካነበብኩት ሁሉ ይህችን የሚያህል አላገኘሁም። መንግሥት በ2007 (እ.ኤ.አ.) የባዮፊዩል ስትራቴጂ ሲያወጣ ጃትሮፋና ጉሎ ይተከሉ ተባለ፤ ብዙ ተወራ፣ መሬትም ተሰጠ፤ የሰመረው ጥቂት ነው። ችግሩ የኬሚስትሪ አልነበረም።

አባቴ ግን አልተወውም። አሁን የሚያስበው ስለ ጉሎ ነው፤ እናቱ ምጣድ ታሟሽበት ስለነበረው፣ አጥር ሥር ማንም ሳይተክለው ስለሚበቅለው። ባለፈው ደውሎ አንድ ነገር ነገረኝ። የጉሎ ዘይት ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ሳይሞቅ፣ ሳይናጥ፣ እጅ ሳይነካው ከሜታኖልም ከኢታኖልም ጋር አንድ ይሆናል። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ደግሞ ከሞላሰስ ኢታኖል ያወጣል።

"ታዲያ ምን ቀረህ?" አልኩት።

"ሁለት ነገር። ኢታኖሉ ውሃ ካለበት አይሆንም። የሚወጣው ነዳጅ ደግሞ ወፍራም ነው፤ ብቻውን ሞተር አይገባም። ከናፍጣ ጋር መደባለቅ አለበት።"

"መደባለቅ ነው መዋሃድ?"

ትንሽ ዝም አለ፤ ጥያቄ ሲጠየቅ እንደሚያደርገው። "እሱስ መደባለቅ ብቻ ነው" አለ። "አንዳንዱ ነገር መደባለቅም ይበቃዋል። ለማንኛውም ፌኖልፍታሊን ላክልኝ፤ ትንሽ ትበቃለች። እዚህ አንዲት አስተማሪ አለች፣ ልጆቹን ይዛ ትመጣለች።"